ሁለት ቆርቆሮ

ተማም እባላለሁ፣ የአባ ቡልጉ ልጅ፤
ጆንያ ላይ አድራሻ አትማለሁ፣ በብሩሽና በእጅ።
ፈረንጅ አራዳ ጀርባ፣ ከቡናው መጋዘን ደጅ፣
ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ፣ ፊደል የማበጅ።

ሁለት ቆርቆሮ ነበረኝ፣ ፊደሉ በመሮ የወጣ፣
ጥቁር ቀለም ስቀባው ስሙ ጆንያ ላይ የሚመጣ።
የቀኙ ሐምቡርግ ይላል፤ የግራው ሮስቶክ ነው አሉኝ።
"ሁለቱም ጀርመን ነው" ቢሉኝ፣ ነገሩ አልዋጥ አለኝ።
እንዴት ሆኖ?
አንድ ስም ለሁለት አገር፣ መሀሉ ጠመንጃ ተደግኖ?

ወንድይፍራው፣ ሚዛን ጸሐፊው፣ አንዲት ፍሬ ቡና አንስቶ፣
መዳፉ ላይ በጀርባዋ አስተኝቶ፣
"ይቺን ስንጥቅ ታያለህ? ግንቡ ማለት ይህ ነው" አለ።
"ከጦርነቱ ማግስት ድል አድራጊው ተሰብስቦ አህጉሩን እንደ ቅርጫ መደበው፤
ምሥራቁን ቀዩ ወሰደው፣ ምዕራቡን ባለዶላሩ ወሰደው።"
"ቅርጫስ ቢሆን" አልሁት፣ "ዕጣ ይጣልበታል።"
ሳቀ። "በሬው መች ይጠየቃል?"

ቡናው እኮ ከጎማ፣ ከሊሙ ኮሳ፣ በበቅሎ በመኪና መጥቶ፣
የነዲምቱ ጣት ለቅሞት፣ ጥቁሩ ካረንጓዴው ተለይቶ፣
አንድ ክምር ነበር። እኔ ነኝ የከፈልሁት፤
ይኸኛውን ለከበርቴው፣ ያኛውን ለጓድ ያልሁት።

ሐምቡርግ ዶላር ይከፍላል፤ ሮስቶክ ዶላር የለውም አሉ፤
ዕቃ በዕቃ ነው ውሉ።
አንድ ቀን ኢፋ መጣ፣ አረንጓዴ፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ፣
የቀለሙ ሽታ ያለቀቀው፣ ጎማው ጭቃ ያልረገጠ።
ልጆች ከአዌቱ ድልድይ እስከ ሕርማታ ተከትለውት ሮጡ፤
ነጂብ፣ የኔው፣ ከፊት ነበር።
እኔም ደረቴን ነፋሁና፣ "እዩት" አልሁ፣ "የኔ ጆንያ ነው፤
እግር አውጥቶ ተመለሰ።"

ኋላ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ።
ነጂብን ከኳስ ሜዳ አነሱት፣ ላቡ እንኳ ሳይደርቅ።
የጫነው ኢፋ ነው።
ከኋላ ቆሜ ቆጠርሁ፦
ስንት ጆንያ ይሆናል አንድ ኢፋ?
ስንት ጆንያ ይሆናል አንድ ልጅ?
ወንድይፍራው፣ ኪሎ የማይስተው ወንድይፍራው፣
ጫማውን አየ።

ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ጎረቤት አነበበልኝ።
"ሌሊቱ ብርድ ነው አባ። የመኪናው በር ላይ
ያንተን የግራ ፊደል የመሰለ አይቼ ሳቅሁ።"
ሌላ ደብዳቤ የለም።

በሰማንያ ሁለት፣ ጥቅምት ሲያልቅ፣ ሬዲዮ ግንቡ ፈረሰ አለ።
በዓመቱ ወንድይፍራው መጣ፦ "ተማም፣ የግራውን አውርደው፤
ከእንግዲህ ጀርመን አንድ ነው።"
"ተገናኙ?"
"ተገናኙ።"
"አባትና ልጅም?"
ዝም ብሎ ቆየና፣ "አዎ" አለ፣ "እነሱማ።"
እሰይ አልሁ። ከልቤ ነው፣ በአላህ።

ቆርቆሮውን አልጣልሁትም። የነጂብ ክፍል መስኮት
መስታወቱ ረግፎ ነበር፤ በአራት ሚስማር መታሁበት።
ጠዋት፣ ፀሐይ በጅረን በኩል ስትወጣ፣
በፊደሉ ቀዳዳ ሾልካ መደቡ ላይ ትጽፋለች።
ማንበብ አልችልም። ቅርጹን ግን ጣቴ ያውቀዋል።
ከትራሱ ጀምራ፣ ወደ እግርጌ፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣
ቀለም የላት፣ ብሩሽ የላት።
እስክትጠፋ አያታለሁ፤
ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ሥራ።