አርባ ደቂቃ

ላፕቶፔን ሳል ያዘው፣ በሰኔ አንድ ማታ፣
ከሆዱ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ሲያርፍ ለአንድ አፍታ።
ውጭ ዝናብ ነበረ፤ ቺሎዌ ደሴት ላይ
ዝናብ እንግዳ አይደል፣ ቤተኛ ነው ከሰማይ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለካሁት ጀልባ፣
ከባሕር ዳር ጭቃ እስከ ጉልበት ስገባ፣
የጎድን አጥንቱ፣ የወለሉ ጣውላ፣
አናጺው የሞተ፣ ምስማሩ የላላ፣
ሁለት መቶ ሰባት፣ ከነንድፋቸው ሁሉ፣
በዚህ በሚያስል ዕቃ፣ በዚህ ብቻ አሉ።
ግማሾቹ ዛሬ ከሰል፣ አመድ ናቸው፤
ዳግም እንዳልለካ ምድጃ በላቸው።

በነጋታው ማለዳ ቻካዎን ተሻግሬ
ፖርቶ ሞንት ደረስኩ፣ ፔሶዬን ቋጥሬ።
ሊሳንድሮ ይባላል የሱቁ ባለቤት፣
አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ያለበት።
"ምን ያህል ነው ዕቃሽ?" አለኝ እንደ ሐኪም።
"ሁለት መቶ ጀልባ" አልኩት። አልሳቀም።

"ይኼ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ርካሽ፣ ሆደ ሰፊ፤
ውስጡ ሳህን ይዞራል፣ መርፌ አለው ጸሐፊ።
ከጀልባ መሰላል አንዴ ከወደቀ፣
መርፌው ይፋቅና ሁሉም ነገር አለቀ።
ይኼ ፍላሽ ደግሞ ከጥፍርም አይበልጥም፤
ከኪስ ቀዳዳ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።
ይኼ ኤስኤስዲ ነው፤ ዝም ያለ፣ ቀላል፤
ውድቀትም፣ ጨው ውኃም፣ በመጠኑ ይችላል።"

ዋጋውን ስሰማ ወንበር ፈለግሁኝ፤
"ደመናስ የለም ወይ?" ብዬ ጠየቅሁኝ።
"ደመናማ ሞልቷል" አለ ወደ ውጭ አይቶ፤
"ኔትወርኩ ነው እንጂ በእናንተ ዘንድ ጠፍቶ።
አንድ ንድፍ ስትልኪ ሌሊቱ ይነጋል፤
አደራው ጥብቅ ነው፣ ሰማዩ ይርቃል።"

ኤስኤስዲውን ገዛሁ። ከላፕቶፔ ጋራ
ቦርሳዬ ስከተው፣ ደረሰኝ አይቶ ጠራ፦
"ዙልማ፣ ቦርሳው ቢሰምጥ፣ ወይ ሌባ ቢወስደው፣
ምንና ምን ቀረሽ? ሁለቱም አንድ ነው።
ርካሹንም ጨምሪ፤ በአደራ አስቀምጪ፣
ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ደጅ ምረጪ።
ካልተንቀሳቀሰ፣ የሚዞረውም ደኅና ነው።"

ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤
ይኼ ለሰው ይሁን፤ ለፋይል ግን አይሰራም።

ስመለስ በአውቶቡስ ሰው በጣቴ ቆጠርኩ፤
ጎረቤቴ? ውሻው ያኝከዋል፤ ሰረዝኩ።
ሁጎ? ፊልም ጭኖበት ጀልባዬን ይደፋል፤
ቄሱ? ደግ ነበሩ፤ ቤታቸው ይሻግታል።
በመጨረሻው ጣት ላይ አንድ ስም ቀረ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአፌ ያልተዘከረ፦
ኢርማ፣ ታላቅ እህቴ። በአባታችን መሬት
ተካሰን፣ ተካሰን፣ ያለቅን በፍርድ ቤት።
ግን መርፌ ብትዋስ ሳትመልስ አታድርም፤
ሰው ያስቀመጠውን ገልጣ አይታ አታውቅም።

በሩን አንኳኳሁ። ከፈተች።
ጸጉሯ ሸብቷል፤ አልነገሩኝም ነበር።
"ምንድን ነው?"
"ጀልባዎቹ ናቸው።"
"የአባባም አለበት?"
"አለበት። ቁጥር አንድ።"
ዝናቡን ጀርባዬ ላይ ትታ ጥቂት አሰበች፤
ከዚያ ገለል አለች።

የብስኩት ቆርቆሮ ከላይ አወረደች፣
እርጥበት እንዲጠጣ ሩዝ ነሰነሰች፣
ከምድጃው ራቅ፣ ከመስኮቱም ራቅ አድርጋ
መደርደሪያው ላይ አኖረችው፣ ከጨርቅ ተጠግቶ፣ ከግድግዳ።

"በየወሩ" አልኳት፣ ጫማዬን እያየሁ፣
"መታደስ አለበት። አዲስ የለካሁትን ይዤ እመጣለሁ።
ካልታደሰ ያረጃል፤
የድሮውን ብቻ ያውቃል።"

ክዳኑን ገጠመች። "ምን ያህል ይፈጃል?"
"አርባ ደቂቃ ያህል።"
ወደ ድስቱ ዞረች።
"ድንች ይበስላል" አለች።