ክፍተቱን እይ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ከባጃጅ ተራው ጀርባ፣ ጭቃው ሲጀምርበት፣
ቆርቆሮ ለብሳለች የዋሲሁን ጌም ቤት።

በሩ ላይ አዲሱ፣ ሰፊው፣ ባለ ኳሱ፤
ልጆች ስለ አንድ ኦፍሳይድ የሚካሰሱ፣
ጆይስቲክ ተናጥቀው ደግሞ የሚካካሱ።

ከጥጉ፣ ከባዶው የለስላሳ ሣጥን ላይ ደግሞ፣
ያ ሆዳሙ ቲቪ፣ አረንጓዴው ታሞ፣
ተራራው ሐምራዊ፣ ሰማዩ ሐምራዊ፤
ካሴቱ ካልተነፋ የማይነቃ ከቶ፣
ሲነቃም የሚያስል፣ ሁለቴ በርቶ ጠፍቶ።

ጨዋታው ይኸው ነው፦ ምስር የምታክል
አይሮፕላን አለች፣ ከግራ የምትበቅል።
መሬቱ ነው የሚሄድ፣ አንተ አትነዳውም፤
ብትፈራ አይቆምልህ፣ ብትደክም አይጠብቅህም፤
የኋላ ማርሽ የላት፣ ወደ ግራ መንገድ የለም።

አንዲት ጥይት፣ በቃ፤
ደግሞ ትወለዳለህ፣ እዚያው የሞትክበት፣
ጋሻህ ተገፎ፣ ጨረርህ ተነጥቆ፣ በአንዲት ፍሬ ጥይት፣
ሙሉ ታጥቀህ ከተሸነፍክበት
ባዶ እጅህን ልትገጥምበት።

ይኼን የጻፈ ሰው ልጅ የለውም እላለሁ፤
ዳግመኛ አልነካውም ብዬ እምላለሁ፤
አምስት ብሬን ደግሞ ከኪሴ አወጣለሁ።

ቀን ቀን ብሎኬት ነው፤ ሲሚንቶ የላጠው
አውራ ጣቴ ማታ ቁልፉን ሲረግጠው
ያመኛል።
ግን እዚያ፣ ሦስተኛው ዋሻ በር፣
ከላይ ሁለት መድፍ አለ፣ ከታች አንድ፤ ስቆጥር
እስከ አራት፣ ይተኩሳሉ። ዛሬም፣ አምናም፣ ሁሌም።
እዚያው ናቸው። አይዋሹም።
እንደ አሠሪዬ «ሒሳብህ ቅዳሜ» አይሉም።

ሌንሳ ወተት ሸጣ ስትመለስ ከኮንዶሚኒየሙ፣
ባዶ ጀሪካኖቿ ከጎኗ ሲቆሙ፣
ባለ ኳሶቹ እንኳ ይዞራሉ ሊታደሙ።
ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አትጮህ፣ አትቸኩል፤
ጥይቱ ከወንፊት የሚረግፍ ጤፍ ሲመስል፣
ብዛቱ ለራሱ ለማሽኑ ይከብደዋል፤
ሁሉም ይዘገያል፣ እንደ ብርድ ማር ይሳባል፤
ያቺን የድካም ሰከንድ ሌንሳ ትይዛትና፣
እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ትገባና
ትወጣለች።

«እንዴት?» አልኳት አንድ ማታ።
«ጥይቱን ታያለህ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ።
«ጥይቱን ያየ ሰው ጥይቱ ጋ ነው የሚሄደው።
አንተ ክፍተቱን እይ። ይጠባል እንጂ አይዘጋም።
ክንፏን ደግሞ እርሳው፤ ክንፍ ቢነካ አይሞትም።
መሐሏ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤
የምትሞተው እሷ ነች።»

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
የጨዋታው ድምፅ ጠፍቶ፣ ጆሮዬ ባዶ ሲቀመጥ፣
ዋሻውን አለፍኩት። አራተኛውንም። አምስተኛው ከተማ ነው፤
ያላለቀ ፎቅ በሙሉ፣ መስኮቱ ባዶ የሆነው፣
ብረቱ ወደ ሰማይ የቀረ፤
ማን እኛን ሰፈር አይቶ ሠራው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቀድሞ?
ልስቅ ስል ያ ትልቁ መርከብ ማያውን ሞላው ቆሞ።
ክፍተት ፈለግኩ። ነበረች። አየኋት።
አየኋት እንጂ አልደረስኩባት።

ዋሲሁን በጠመኔ ቆርቆሮው ላይ ጻፈልኝ፦
ማንደፍሮ፣ ዘጠና ሁለት ሺህ ከአራት መቶ።
ማሽኑማ አያስታውስም፤ ሲጠፋ ይረሳል ሁሉን ትቶ።

ሌንሳ ቁጥሩን አየች። «የት ሞትክ?»
«መርከቡ ላይ።»
«አፉን ሲከፍት?»
«ሲከፍት።»
ሳቀች። «እዚያ እኔም ስድስት ወር ኖሬያለሁ።»

ከዚያ ጀሪካኗን አነሣች፣ እግረ መንገዷን ሶኬቱን ነቀለች።
ሐምራዊው ሰማይ ተሰበሰበ፣ ተራራው፣ ፎቁ፣ መርከቡ፣
አንዲት ነጭ ነጥብ ሆኑ፣ ከመስተዋቱ መሐል።

ነጥቧ ትንሽ ቆየች።