የቀረች ወረቀት

ባልቲክ ዳር ናት ከተማችን፤ ሊየፓያ ይሏታል፤
ነፋስ ከሰው ቀድሞ ቤት የሠራባት ይመስላል።
አክስቴ ስካይድሪቴ፣ ከትራሙ ፌርማታ ጎን፣
አርባ ዓመት ሙሉ ኖራለች ስትጠግን አኮርዲዮን፤
የተቀደደ ወናፍ ስትሰፋ፣ የሰመጠ ቁልፍ ስታቀና፣
ሰም አቅልጣ፣ የብረት ምላስ ሞርዳ፣ ድምፅ ስትመልስ በጥሞና።

ድሮ ደንበኛ የሚያመጣላት ወሬ ነበር፣ የሰው አፍ፤
ኋላ ግን ሰው ጥያቄውን ለስልኩ ሆነ የሚጽፍ።
«አኮርዲዮን ጠጋኝ» ብሎ ከሄልሲንኪ የጻፈ፣
ከካውናስ፣ ከሪጋ ዳርቻ፣ ሌሊቱን ቆጥሮ ያሳለፈ፣
የእሷን ገጽ ነበር የሚያገኝ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ አናት ላይ፤
ሰማያዊ በር፣ ስልክ ቁጥር፣ አንዲት ድመት መስኮት ላይ።

ከዚያ፣ በጥር፣ አንድ ሰኞ
ስልኩ ዝም አለ።
ማክሰኞም።
የካቲት ገባ፤ በረዶው ከጣሪያ ተንሸራቶ ወረደ፤
ስልኩ እንደ ተኛ፣ ቅዳሜውም እንደ ሰኞው ሄደ።

መነጽሯን ሰክታ ራሷን ፈለገች፤
በስሟ፣ በሥራዋ፣ በሰፈሯ ጻፈች።
አንደኛው ገጽ ላይ የለችም፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ፤
አሻንጉሊት የሚቸረችር ሱቅ፣ አንድ ጥርስ ሐኪም፣ አንድ ዳኛ፤
ዘጠነኛው ላይ ሞክሼዋ፣ ያረፈች በዘጠና ሁለት፣
ሻማ፣ አበባ፣ የቀብሩ ቦታ፣ የቀብሩ ሰዓት።
«እንግዲህ ይቺ ነኝ» አለችኝ በስልክ፣ ሳቅ ብላ፤
እኔ መርከብ ላይ ነኝ፣ ሞተር ክፍል፤ ሳቋ ደረሰኝ ተከፍላ።

ምክንያት መቼም ሰው አያጣም፤
ቁልፍ ቀራጩ አልፎንስ፦ «ማሽን አሮጊት አይወድም»፤
የዳቦ ቤቷ ቬልታ፦ «ላልከፈለው አይፈርድም»።
አንድ ኮስታራ ድምፅ ደወለ፣ አገር ከሌለው ቁጥር፦
«በሰባት ቀን አናት ላይ ነሽ፤ ሁለት መቶ ዩሮ ይቆጠር»።
ከፈለች። ሰባት ቀን ሆነ። ሃያ ሰባት። ሰውዬውም
ከፍለጋ ጠፋ፣ እንደ እሷው፤ ስልኩን የሚያነሣ የለም።

ማታ ማታ ኃጢአቷን ቆጠረች፤ ግብር የከፈለችው ዘግይታ፣
ለሰርግ ሳይደርስ የቀረ ሥራ፣ በጉንፋን ሳምንት ተኝታ።
ምን በደልኩ? ማን ከሰሰኝ? ይግባኝ ለማን ይባላል?
ዳኛው ፊት የለው፣ ችሎቱ በር የለው፤ ፍርዱ ብቻ ይነበባል።

መጋቢት ላይ ሮተርዳም ገባን። ዝናብ። የመርከበኞች ክበብ።
ገጿን ገለበጥኩት፣ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ለማንበብ፤
ሰው የማያየውን፣ ለማሽን ብቻ የሚጻፈውን ጀርባ።
እላይ፣ አምስተኛው መሥመር ላይ፦
ይህን ገጽ አትመዝግቡ፤ እለፉ።

የማን ጽሕፈት ነው?
የእኔ።

ለገና መጥቼ ገጿን ሳድስ፣ ቀለም ስቀባ፣ ፎቶ ስቀይር፣
ያላለቀ ቤት እንግዳ እንዳያየው፣ ለጊዜው በሩን ልቀረቅር
ጻፍኳት። ሥራው አለቀ። መርከቡ ጠራኝ፤ ሻንጣዬን አነሣሁ፤
ቀለሙን አየሁ፣ ድመቷን አየሁ፣ መሥመሯን ግን ረሳሁ።
ማሽኑ አልጠላትም ለካ፤ ጨዋ ነበረ፣ ታዛዥ፤
ደጇ መጣ፣ «እለፍ» የሚል አነበበ፣ አለፈ እንደ ማንም ተጓዥ።

ደወልኩ። ነገርኳት።
ወናፍ ሲሳብ የመሰለ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ፦

«ድሮ፣ ከነጻነቱ በፊት፣ ኢማንትስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር።
አንዱን ምላስ ስቃኝ ጎረቤቱ አብሮ እንዳይጮህ
ቀጭን ወረቀት እሸጉጥበታለሁ፤ ስጨርስ አወጣለሁ።
የእሱ ውስጥ አንዷን ረሳሁ።
ልጁን ሲድር፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው፣
ያቺን ቁልፍ በነካ ቁጥር ዝምታ።
አንድ ዓመት ሙሉ፣ ግቪዶ፣ ጣቱን ሲጠራጠር ኖረ።
ጣቱን!»

ጥቂት ዝም ብላ፦
«በል አውጣት ወረቀቷን።»

አወጣኋት። ግን ከደጅ የተመለሰ እንግዳ
በማግስቱ አይመጣም። ትራሙ አለፈ፤ ነፋሱም አለፈ።
በሃያ ሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤
አንዲት ሴት፣ ከታምፔሬ፦ «አሮጌ ፒያኖ ትገዣለሽ?»

«አልገዛም» አለች አክስቴ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጊው።
እንዴት አገኘሽኝ?»