ደንባራ

መዝገበ ቃላቱ፣ ጀርባው የተላጠው፣
«በቅሎ ወይም ፈረስ፣ የገዛ ጥላው የሚያስበረግገው»
ብሎ አለፈ። ስለ እኔ አንድም የጻፈው የለም፦
በጉልበቴና በጠረጴዛ መካከል ስለኖረ ቂም፣
ስለ ክርኔ፣ ሳያፈስ ስለማያልፍ የትም።

እናቴ ሰኞ ገበያ ይዛኝ ስትወጣ፣
እግሬ ሽንኩርት መደብ ገብቶ ሲያመጣባት ጣጣ፣
«ወይ ደንባራው! አያይም እንዴ መሬቱን?»
እያለች ትከፍላለች የረገጥኩትን።
ጋሽ አሊጋዝ፣ ስፖርት አስተማሪው፣ ሆጤ ሜዳ፣
ፊሽካውን ከአፉ ያወጣ ነበር ለዚህች ቃል ሲሰናዳ።
ለዒድ አዲስ ጫማ ባደርግ፣ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ፣
«ደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል» አለ፣ ከንፈሩን አጣሞ።

ገልቱ አይደለሁም፤ ገልቱ እጁ ሥራ ያልለመደ ነው፤
እኔ ፒያሳ ሰዓት ስጠግን፣ ጣቴ ከመርፌ የቀጠነ ነው።
ገልጃጃም አይደለሁ፤ ያ ቁመቱ ከልቡ የቀደመው።
ደንባራ፣ ዓለም ከገመተው ስንዝር ቀርቦ የሚጠብቀው።

ከዚያ ሐረጎ። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ ሲጠመዘዝ፣
ፌስታሌንም ራሴንም ሲያቅተኝ መያዝ፣
ሁለት ኪሎ ቲማቲም አንዲት ልጅ ጭን ላይ ፈሰሰ።
«ደንባራ!» አለች ጦይባ። ቃሉ እኮ አልታደሰ፤
ያው አራት ፊደል። ግን ፊቷ ከሳቅ እየታገለ፣
ስሜን የጠራችኝ መሰለኝ፤ ደረቴ «አቤት» አለ።

የሰርጋችን ብርጭቆ ስድስት ነበር፤ አራቱን እኔ ጨረስኩ፤
አራተኛዋን፣ አልዋሽም፣ ቃሏ ናፍቆኝ ነው የለቀቅኩ።

አሁን የጦይባ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ብርድ፤
ማንኪያው ካፏ ሳይደርስ ይመለሳል ከአጋማሽ መንገድ።
ሐኪሙ ለበሽታው ረጅም ስም አወጣለት፤
ወረቀቱን መሳቢያ ከተትኩ፣ አላነበብኩላት።

ትናንት ማታ፣ ጦሳ ጉሙን እስከ አገጩ ስቦ ሳለ፣
አምስተኛው ብርጭቆ ከእጇ ሾልኮ ወለሉ ላይ አቃጨለ።
እጇን በነጠላዋ ሸሸገች። ልጃችን ሐያት፣
«አይዞሽ፣ ምንም አይደል» አለች፣ ልክ እንደ ሐዘን ቤት።
ጦይባ ግን እኔን ነው ያየችው። ዓይኗ ጠበቀኝ፤
የሠላሳ ዓመት ብድር ክፈል ብሎ ጠየቀኝ።

«ደንባራ» አልኳት።

ሳቀች። ትከሻዋ ራደ፤ የዚያ ዓይነት መራድ ግን አልነበረም።
ስብርባሪ ልለቅም ስነሳ፣ ጠረጴዛውን ገጨው ጉልበቴም፤
ስድስተኛው ተንሸራቶ ጫፍ ደረሰ። ማናችንም አልተነፈስንም።

ቆመ።