ውሃ ልክ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከፉሪ ዳገት ላይ፣
ጉሙ ከተራራው ሳይገፈፍ፣ ሳይለይ ምድርና ሰማይ፣
ሁለቱ ወንድሞቼ በየበራቸው መጡ፤
ሽመክት በፊት፣ ውብሸት በጓሮ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣጡ።
ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሰበቡ ባጃጅ ናት፣
አብረው የገዟት፣ አንዱ የሸጣት።
ዝርዝሩን ተዉት።

ለግንበኛ የሚተርፍ የለኝም፤ የእቁቤ ብር በሲሚንቶና በአሸዋ አለቀ፤
“እኛው እንሠራዋለን” አልኩ፤ ይህ “እኛ” ማን እንደሆነ ማን አወቀ?

የድሮው ማድቤት አባታችን በዓይኑ ለክቶ ያቆመው፣
ጭቃና ጭድ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በልጥ የታሰረው፣
ጥላሸት የጠጣ፣ ምስጥ የቀመሰው፣
ወደ ጎረቤት ዘንበል ያለ፣ ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው።

ውብሸት ዶማ ሲያነሳ “ቀስ!” አለች እናቴ፣
ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።
ግድግዳው አልታገለም፤ ሁለቴ ሦስቴ ሲመታ
ልክ እንደ ደከመው ሽማግሌ ቁጭ አለ በዝግታ።
አቧራው ሁላችንንም አንድ ቀለም ቀባን፤
ማን ከማን እንደተጣላ ለአፍታ ጠፋን።

ከማገሩ መሃል አይጥ ያከማቸችው ጓዝ ወጣ፦
የሎተሪ ቁራጭ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የጨርቅ ጣጣ፣
ደግሞ ያ ማንኪያ።
ያ የጠፋው። በልጅነቴ የተገረፍኩበት።
እናቴ አነሳችው፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ አየችኝ።
ምንም አላለች። ምሳ ላይ ግን ድርሻዬን አበዛችልኝ።

ቶለሳ፣ የእህቴ ባል፣ ከጀሞ ሲራሚክ ጭኖ መጣ፤
ሦስት ዓይነት ቀለም፣ ከሰው ቤት የተረፈ፣ በርካሽ የወጣ።
“አይመሳሰልም እኮ” አልኩት። “ቤተሰብስ ይመሳሰላል?” አለኝ፣
አሸዋውን እየነፋ። መልስ አጣሁ፤ ሳቄ መጣብኝ።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልክ ተፈለገ።
መሣሪያው የለንም። ቶለሳ ግን ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ፈለገ፦
ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ጎማ።
ውሃ ሞላውና “ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይያዝ” አለ።
እኔ ባልዲ ይዣለሁ፤ እሱ ገመድ።
ባዶ እጅ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አንዱ ከዚህ ግድግዳ፣ አንዱ ከዚያ ማዶ ቆሙ።
ውሃ አይዋሽም፤ ግን ቶሎ አይረጋም።
አንዱ ከፍ ሲያደርግ በሌላው እጅ ላይ ይፈሳል፤
ሳይነጋገሩ አይሆንም።
“ዝቅ...” አለ ሽመክት፣ ለግድግዳው የሚናገር መስሎ፤
“ትንሽ...” አለ ውብሸት፣ ዓይኑን ጎማው ላይ ጥሎ።
“ያዝ።”
“ይዣለሁ።”
“ምልክት አድርግ።”
“አደረግሁ።”
እርሳሱን ሳቀብል እጄ ተንቀጠቀጠ፤
“ባልዲው ከብዶኝ ነው” አልኩ።

የመክተፊያው መደብ ቁመትስ?
ቶለሳ ሰማንያ አምስት አለ፤ ሽመክት ዘጠና፤
እናታችንን ጠራናት ከጎመኗ መሃል፤ “ክርንሽን አጠፍ አድርጊውና...”
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ የከተፈች ሴት
“ቆሜ? ታክሲ ልጠብቅ ነው?” ብላ ሳቀች።
ክርኗ ሰማንያ ሁለት ላይ አረፈ።
አሰመርን።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን።
ከጥጉ አንድ ሲራሚክ ጎደለን፤ በሲሚንቶ ደፈንነው።
ወንድሞቼ ታረቁ አልልም። አልታረቁም።
ግን ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ውብሸት ይደውላል፤
“መፍቻው አንተ ጋ ነው?” “እኔ ጋ ነው፤ ና ውሰድ።”
ጎሚኒው የአንድ ሻይ ዋጋ አያወጣም፤
መግዛት እችል ነበር።
አልገዛሁም።

ትናንት ስመጣ እናቴ መደቡን ዳንቴል አልብሳው፣
ዱካዋን ከሥሩ ስባ፣ እዚያው ጥላ ውስጥ ተቀምጣ
ሽንኩርት ትልጣለች።
“ይኸው፣ ጣራ ሠራችሁልኝ” አለች።

አንዷን ሽንኩርት አነሳሁ፤
ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ ከላይ አስቀመጥኳት።
አልተንከባለለችም።