ከስሜ ጎን በቅንፍ

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ነው፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ብሎኩ ቁጥር እንጂ ስም ያልወጣለት ቤት፤
ውሃ በፈረቃ፣ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት፣
የሊፍቱ ጉድጓድም ርግብ የሰፈረበት።

ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ደረጃው ላይ ድምፅ ስሰማ፣
ቁልፍ የጠፋኝ መስዬ ኪሴን እዳስሳለሁ በጨለማ፣
ሰዎቹ እስኪያልፉ። ሰላምታ ይከብደኛል፤
«እንዴት ዋላችሁ» ልል ምላሴ ይተበተባል።
ዓይን አፋር ነኝ እኔ። ይህን ሰው ያውቀዋል፣
እንደ ታክሲ ታፔላ ግንባሬ ላይ ይነበባል፣
እል ነበር።

እሑድ ዕድር ዋልን፣ ከታንከሩ ጥላ ሥር።
ጸሐፊው ጋሽ ዘርጋው፣ መነጽሩን በክር
አንጠልጥሎ፣ «ፈርም» ብሎ ሰጠኝ ደብተር።
በጣቴ ስወርድ ስሜን እየፈለኩ
ሁለት ንጋቱዎች ተከታትለው አየኹ፤
አንዱ በቅንፍ ውስጥ «ባለ ባጃጁ» ነው፣
ሁለተኛው እኔ። ቅንፌ «ኩሩው»።

ኩሩው!
በሰማያዊ ቢክ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣
ጥላቻ የሌለው፣ አሽሙር የሌለበት፣
ልክ እንደ ቤት ቁጥር፣ እንደ መዋጮ ብር፣
አራት ዓመት ሙሉ ከስሜ ጎን ሲያድር።

ልከራከር አልኩኝ፤ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር…»
ጉሮሮዬ ደረቀ። ፈረምኩ ያለ ንግግር።
«አየሽው?» አለች አንዷ ከኋላዬ ቆማ፣
«ቃል መተንፈስ እንኳ…» የቀረውን ሳልሰማ
ዞር ስል እሷን አየኋት፣ የአራተኛ ፎቋን፣
«ድንጋይዋ» የምላትን፣ በሆዴ፣ ብቻዬን።
አንድ ጠዋት እኮ፣ ስንት ቀን ተለማምጄ፣
«ደህና አደሩ» ብያት፣ ድፍረቴን አስገድጄ፣
ዘወርም አላለች። ከዚያ ወዲህ ይኸው
ስሟ ድንጋይ ነው።

አሁን አንድ ሕፃን ነጠላዋን ጎትቶ
በቀኝ ጆሮዋ በኩል ይጮሃል ተንጠራርቶ፦
«እትዬ የሺመቤት፣ ብር ያምጡ ተብለዋል!»
«በቀኜ ስትመጣ ነው፣ የኔ ጌታ፤ ግራዬ ደንቁሯል።»

ለካ እኔም ደብተር አለኝ፣ ማንም የማይፈርምበት፣
ስንቱን ሰው በቅንፍ ዘግቼ የያዝኩበት።

ሰኞ ማለዳ ደረጃው ላይ፣ በቀኟ ዞሬ፣
«እንደምን አደሩ!» አልኩ፣ ከልክ በላይ ድምፅ ጨምሬ።
ርግቦቹ ግር ብለው ወጡ በሊፍቱ ቀዳዳ፤
እሷም ቆም ብላ አየችኝ፣ ልክ እንደ እንግዳ።
«ደህና። ማን ልበል?»
«ንጋቱ።»
«የትኛው ንጋቱ?»
የሦስተኛ ፎቁ ልል፣ ዝምተኛው፣ ዓይን አፋሩ…
ሁሉንም ዋጥኩት።
«ኩሩው» አልኳት።
ሳቀች፣ የደረጃውን ብረት እስክትይዝ፤
«ያዝልኛ ጄሪካኑን እንግዲያ፣ አንተ ኩሩ!»