ከነማንገቻው

«አንድ ምንሽር፣ ከነማንገቻው፣
ሰደፉ ላይ ስንጥቅ ያለው፣
ለሦስት ቀን የፊልም ሥራ፣ በውሰት የተረከብነው።»
ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ነጂያ አባመጫ፣ ንብረት ያዥ።
ጥይት የሚል ቃል የለበትም፤ ማንም አላለኝ «ቆጥረሽ ያዥ»።

አባ ራያ፣ የቡና መጋዘን ዘበኛ፣ ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣
በጆንያ እንደ ጠቀለለው ባጃጁ ውስጥ አስገባ።
«ባዶ ነው» አለኝ፣ ሳያየው።
እኔም ለኢዮስያስ፦ «ባዶ ነው»።
እሱም ለረዳቱ፣ ረዳቱም ለሚተኩሰው።
ቃሉ እንደ ሰላምታ ዞረ፤
«ደኅና ነኝ» ያለን ሰው ማን ትኩሳቱን መረመረ?

ጅሬን መውጫ ላይ፣ አንድ የአሮጌ ቤት በር፣
ትዕይንት ዐሥራ ዘጠኝ፦
ሽፍታው ወደ ካሜራ ዞሮ የሚተኩስበት ነበር።
ሁለት ጊዜ ጀመርን፤ ሁለት ጊዜ ዝናብ መጣ፣
የጅማ ዝናብ፣ ጠርቶ ውሎ ልክ «ቅረጽ» ሲባል የሚቆጣ።
ተጠለልን።
ሙዘይን ሌንሱን በሹራቡ አቅፎ፣
ምንሽሩም ከአጠገቤ፣ ግድግዳ ተደግፎ።
ስለ እኅቱ ሰርግ አወራኝ፣ ሰባ ወንበር መከራየቱን፤
ቆርቆሮው እየጮኸ በላብን ቃላቱን።

አርባ ደቂቃ አጠገቤ ነበር።
ሰደፉን በቅባት ወለወልኩ፣ ካሜራ ፊት እንዲያምር፤
ማንገቻውን አጠበቅሁ፣ አፈሙዙን በጨርቅ አበስኩ፣
ዝገቱን በጥፍሬ ፍቄ፣ ስንጥቁን በጫማ ቀለም ሸፈንኩ።
እንደ ሙሽራ አሰማመርኩት፤
አፉን ከፍቼ ግን፣ ምን እንደ ጎረሰ አላየሁት።
ማየት የሚፈጀው እኮ
አንዴ የማስነጠስ ያህል ነው።

አባራ። ሦስተኛው ቅጂ።
ድምፁ እንደ ፊልም አልነበረም፤ አጭር፣ ደረቅ፣
አንድ ሰው ጣውላ ከእጁ ያመለጠው ይመስል።
ሙዘይን ካሜራውን ሳይለቅ፣ ቀስ ብሎ አብሮት ተቀመጠ፤
ልናጨበጭብ የተነሣ እጃችን፣ አየር ላይ ደነገጠ።

ኦብሳ፣ ቃታውን የሳበው፣ ዛሬም ማንኪያ ይዞ ይንቀጠቀጣል።
ይህን ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሌላው ይቀላል።

ፖሊስ ጣቢያ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣
አባ ራያ «ለእሷ ሰጠሁ»፤ ኢዮስያስ «ንብረት ክፍል አለን»፤
ረዳቱ «እኔ የታዘዝኩትን»፤
እኔም ጀመርኩ፦ «ዘበኛው ባዶ ነው ብሎኝ...»
ጣታችን አንዱ ባንዱ ላይ።
ሁላችንም አፈሙዝ ሆነን።

ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል።
እኛን አንዳችንንም አላስፈራን፤
የጄኔሬተር ኪራዩ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ነበር የሚያስፈራን።

ሰባው ወንበር ለለቅሶ ተዘረጋ።
አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከእናቱ ዘንድ ጠጋ።
ማን ሰጠሽ አላለችኝም፤ ማን አዘዘሽ አላለችም፤
«ከፍተሽ አይተሽው ነበር?»
«አላየሁም።»
ወረቀቱ ላይ የጎደለውን
እዚያ ፈረምኩ፣ ያለ ቀለም።

ትናንት አጂፕ ሻይ ቤት፣ ልጅቷ ፔርሙሱን አንሥታ፣
«ባዶ ነው» አለችኝ፣ በፈገግታ።
ተቀብዬ ክዳኑን ፈታሁት።
ግራ ገብቷት ታየኛለች።
ከሥሩ አንድ ጉንጭ ሻይ ነበር፣
ገና ያልበረደ።